ምዕራፍ 6፦ አንድ ጥንድ ጫማ፣ አሥራ አንድ ደጃፍ

ላሊበላ ደርሶ የመጣ ሰው መቼም የማይረሳው ጫማ ማውለቅና ማጥለቁን ነው። ቤተ መድኃኔ ዓለም በር ላይ ያወልቃል፤ ወጥቶ ያጠልቃል፤ በጠባቧ መተላለፊያ ጎንበስ ብሎ ወደ ቤተ ማርያም ግቢ ይዘልቅና ክሩን በወጉ ሳያስር እንደገና ያወልቃል። ቤተ መስቀልና ቤተ ደናግል እዚያው ግቢ ውስጥ ናቸው፤ ነገሩ የገባው ጎብኚ ከዚህ በኋላ ክር ማሰሩን ይተዋል። በየደጃፉ ደግሞ ጫማ ጠባቂ አለ፤ የወለቀውን አሰልፎ፣ የማን የማን እንደሆነ በዓይኑ ይዞ የሚቀመጥ።

አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ከቤተ አማኑኤል ስወጣ በሩ ላይ የነበረውን ልጅ፣ "ዛሬ ስንት ሰው ገባ?" አልሁት።

"ሰው አላውቅም ጋሼ" አለኝ። "እኔ እምቆጥር ጫማ ነው። ጫማው ሠላሳ ሁለት ጥንድ ነው።"

እንዲህ ያለ መልስ ከስንት ቢሮ ፈልጌ አጥቻለሁ። በሥራዬ ካየኋቸው የተበላሹ ሪፖርቶች እኩሌታው የተበላሸው ጫማ ተቆጥሮ "ሰው" ተብሎ ስለተጻፈ ነው። ልጁ እያንዳንዱ ቁጥሩ ምንን እንደሚወክል ያውቃል። ዳታቤዝ ውስጥ ተደጋጋሚ ውጤትን ማስወገድ የሚባለው ሥራ፣ የትእዛዞቹ ብዛት ምንም ያህል ቢሆን፣ የሚጀምረው ይህንን ከማወቅ ነው፤ እዚህ ሠንጠረዥ ላይ አንድ ረድፍ ማለት አንድ ምን ማለት ነው?

ማታ ላይ በአሥራ አንዱ አብያተ ክርስቲያናት ደጃፍ የተቀመጡት ጠባቂዎች ቁጥራቸውን አምጥተው አንድ ቦታ ቢደምሩት ምን ይሆናል? ሁሉንም የጎበኘ አንድ ሰው አሥራ አንድ ሰው ሆኖ ይወጣል። ቤተ ጊዮርጊስን ብቻ አይቶ የተመለሰው አንድ ይሆናል። ከጠባቂዎቹ አንዱም አልዋሸም፣ አንዱም አልተሳሳተም፤ ድምሩ ግን ውሸት ነው። እንግዲህ አንዱን ጠባቂ ጠርቶ "ቁጥርህን አስተካክል" ማለት አይቻልም፤ ቁጥሩ ልክ ነውና።

አሁን ይህንኑ ወደ ኮምፒውተር እናግባው። ላሊበላ ላይ ጎብኚ አንድ ትኬት ይቆርጥና በዚያው ትኬት አሥራ አንዱንም ለበርካታ ቀናት እየተመላለሰ ያያል። ስለዚህ ሁለት ሠንጠረዥ ያስፈልገናል። አንደኛው "ትኬት" ነው፤ አንድ ረድፍ አንድ የተሸጠ ትኬት ነው፣ ዋጋውም እዚያው ተጽፏል። ሁለተኛው "መግቢያ" ነው፤ አንድ ረድፍ አንድ ሰው በአንድ በር አንድ ጊዜ መግባቱ ነው። ለምሳሌ ያህል ሦስት ትኬት ተሽጧል እንበል፤ ሁለቱ በ100 ብር፣ አንዱ በ60 ብር (ዋጋው ለስሌት እንዲመች የተፈጠረ ነው)። የመጀመሪያው ጎብኚ 4 በር ገባ፣ ሁለተኛዋ 3፣ ሦስተኛው 2። የተሰበሰበው ገንዘብ 260 ብር ነው። ይህን ለማወቅ ኮምፒውተር አያስፈልግም።

አለቃ መጥቶ "ገቢውንና የገባውን ሰው በአንድ ገጽ አሳየኝ" ሲል ነው ችግሩ የሚወለደው። ባለሙያው ሁለቱን ሠንጠረዦች በትኬት ቁጥር ያገናኛል፤ በሙያው ቋንቋ ጆይን ያደርጋል። ጆይን የዋህ ነው። ለእያንዳንዱ መግቢያ ተዛማጁን ትኬት ፈልጎ አጠገቡ ይጽፋል፤ 4 ጊዜ የገባው ሰው ዋጋው 4 ጊዜ ይጻፋል። ሦስቱ ትኬቶች 9 ረድፍ ሆኑ። ከዚያ ሰም የተባለው የመደመሪያ ትእዛዝ ይመጣና 400፣ 300 እና 120 ደምሮ 820 ብር ይላል። (ይህ ትእዛዝ በእኛ ፊደል ሲጻፍ ከሰምና ወርቁ ሰም ጋር አንድ መሆኑ ሁሌም ያስቀኛል። ላይ ላዩን የሚታየው ድምር ነው፤ ወርቁን ቆፍሮ ማውጣት የአንባቢው ፈንታ ነው።)

820ውን ያየ ባለሙያ ይደነግጣል። ብዙዎቻችን በዚህ ጊዜ እጃችን የሚሮጠው ወደ አንድ ቃል ነው፤ ዲስቲንክት። "የተደገመውን ጣልልኝ" ማለት ነው። ሰም ዲስቲንክት ብሎ ዋጋውን ቢደምር ኮምፒውተሩ በታማኝነት የተደገሙትን ቁጥሮች ይጥላል፤ 100 አንድ ጊዜ፣ 60 አንድ ጊዜ፣ ድምሩ 160። አሁን ደግሞ መቶ ብር ጠፋ። የሁለተኛዋ ጎብኚ 100 ብር ከመጀመሪያው 100 ብር ጋር ስለተመሳሰለ ብቻ ድግም ተባለ። ኮምፒውተሩ የታዘዘው የተደገመ ዋጋ እንዲጥል ነው፤ እኛ ልንጥል የፈለግነው የተደገመ ትኬት ነበር። ሁለቱ አንድ አይደሉም።

ከሁለቱም የሚከፋው ግን አማካዩ ነው። ድምር ሲሳሳት ይጮኻል፤ 260 የነበረው 820 ሲሆን ገንዘብ ያዡ ራሱ ብድግ ይላል። ከዘጠኙ ረድፎች ላይ አማካይ ዋጋ ቢወጣ ግን 91 ብር ከ11 ሳንቲም ይመጣል። ትክክለኛው 86 ብር ከ67 ሳንቲም ነው። ማን ይጠረጥራል? ብዙ በር የገባው ጎብኚ በአማካዩ ላይ ብዙ ድምፅ አገኘ፣ ቁጥሩ በዝምታ ወደ እርሱ አዘነበለ፣ ሪፖርቱም ተፈረመበት። እኔ በሥራዬ አማካይ ባየሁ ቁጥር መጀመሪያ የምጠይቀው ከስንት ረድፍ እንደወጣ ነው።

መፍትሔው ቅደም ተከተል ማስተካከል ነው። መጀመሪያ መግቢያውን ለብቻው በትኬት ቁጥር ሰብስቦ መቁጠር፣ ማለትም ግሩፕ ባይ በሚባለው ትእዛዝ ለእያንዳንዱ ትኬት አንድ ረድፍ ብቻ እንዲቀር ማድረግ፤ ይህ ትኬት 4 ጊዜ፣ ያኛው 3፣ ሦስተኛው 2። ከዚያ በኋላ ነው ማገናኘት። አሁን ሦስት ረድፍ ከሦስት ረድፍ ጋር ይገጥማል፤ ገንዘቡ 260፣ መግቢያው 9፣ ዲስቲንክትም አላስፈለገ። ድግግሞሹ ሳይወለድ ቀረ እንጂ ከተወለደ በኋላ አልተቀበረም። ጥያቄው "ቤተ ጊዮርጊስ የገቡት ባለ ትኬቶች እነማን ናቸው?" ከሆነ ደግሞ ጭራሽ ማገናኘትም አያስፈልግም። ኤግዚስትስ የሚባል ትእዛዝ አለ፤ እያንዳንዱን ትኬት ይዞ ጠባቂውን "ይሄ ሰው መጥቶ ነበር ወይ?" ብሎ ይጠይቃል፣ "አዎ" ሲባል ወደሚቀጥለው ያልፋል። ስንት ጊዜ መጣ ብሎ አይመረምርም።

እንዲህ ያለው ብዜት ለቱሪስት ቢሮ ብቻ የተላከ መቅሰፍት አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2005 የተጀመረውን ሴፍቲኔት የተባለ የድጋፍ ፕሮግራም በላሊበላ ዙሪያ ያለው የላስታና የቡግና ሰው ከነአሠራሩ ያውቀዋል። እዚያ ላይ የቤተሰብ አባላት ዝርዝር አለ፤ የወር ክፍያ ዝርዝርም አለ። 5 ሰው ያለበት ቤተሰብ የ6 ወር ክፍያ ቢኖረው፣ ሁለቱን ዝርዝሮች በቤተሰቡ ቁጥር በኩል በአንድ ጊዜ ያገናኘ ሰው 30 ረድፍ ያገኛል። አባላቱን ቢቆጥር 30፣ ክፍያውን ቢቆጥር 30። ሁለቱ ዝርዝሮች እርስ በርሳቸው ምንም የሚያገናኛቸው ሳይኖር በአንድ አባወራ በኩል ተባዙ። ዝርዝሮቹ ሦስት ቢሆኑ ደግሞ ቁጥሩን ማየት ነው።

ቤተ ክህነትም ይህን ያውቀዋል፤ የራሱ ቃል እንኳ አለው። በአንድ ቤተ መቅደስ ከመንበሩ ታቦት ሌላ የገቡ ታቦታት "ደባል ታቦት" ይባላሉ። ቤቱ አንድ፣ ስሙም በዋናው ታቦት ስም፣ ደባሎቹ ግን ሁለትም ሦስትም ሊሆኑ ይችላሉ። አብያተ ክርስቲያናቱን ከታቦታቱ ዝርዝር ጋር ጆይን አድርጎ "የወረዳው አብያተ ክርስቲያናት ብዛት" ብሎ የጻፈ ሰው፣ ደባሎቹን ሁሉ ቤት ሠርቶላቸዋል ማለት ነው።

ለመሆኑ አሥራ አንድ የምንለውስ ከየት መጣ? ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ1978 የላሊበላን ውቅር አብያተ ክርስቲያናት በዓለም ቅርስነት ሲመዘግብ አሥራ አንድ ብሎ ነው፤ እኛም እንደዚያው እንላለን። ነገር ግን ጣት እየቀሰሩ ሲቆጥሩ ነገሩ ይጠጥራል። ዮርዳኖስ ከሚባለው ወንዝ በስተ ሰሜን መድኃኔ ዓለም፣ ማርያም፣ መስቀል፣ ደናግል፣ ከዚያ ጎልጎታና ሚካኤል። ጎልጎታና ሚካኤል ተያይዘው የተፈለፈሉ መንትዮች ናቸው፤ አንድ ቤት ናቸው የሚል ቢመጣ አሥራ አንዱ አሥር ይሆናል። ከዮርዳኖስ ማዶ አማኑኤል፣ መርቆሬዎስ፣ አባ ሊባኖስ፣ ከዚያም ገብርኤል ወሩፋኤል። እዚህ ደግሞ ሁለት መላእክት በአንድ ስም ተጠቃለዋል፤ በመላእክቱ ልክ የሚቆጥር ሰው አሥራ ሁለት ይለናል። ለብቻው የቆመው ጊዮርጊስ ብቻ ነው የማያከራክር። አለቱ አንድ ነው፤ መልሱ ግን ቆጣሪው "አንድ ቤተ ክርስቲያን" ሲል በሚይዘው መለያ ላይ ያድራል። በግቢ ብቆጥር፣ በመንበር ብቆጥር፣ በስም ብቆጥር የተለያየ ቁጥር አገኛለሁ። ኮምፒውተር ይህን አይወስንልኝም።

በስም መቁጠር በተለይ አደገኛ ነው። "ጊዮርጊስ" ብሎ ግሩፕ ባይ ያደረገ ሰው የከተማውን ቤተ ጊዮርጊስና የብልባላውን ጊዮርጊስ አንድ ያደርጋቸዋል። "01 ቀበሌ" ብሎ የሰበሰበም ስንት ከተማ እንዳጨቀ አያውቀውም። በሌላ በኩል ሮሃ እና ላሊበላ የአንድ ከተማ ስሞች ሳሉ ሁለት ከተማ ሆነው ይቀመጣሉ፤ ከተማው የተሰየመለት ንጉሥ ራሱም በስመ መንግሥቱ ገብረ መስቀል፣ በልደት ስሙ ላሊበላ ተብሎ ሁለት ረድፍ ይይዛል።

የፊደላችን ነገር ሲጨመርበት ጉዱ ይበዛል። እ.ኤ.አ. በ1999 የግእዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ ሲገባ ሀ፣ ሐ እና ኀ የየራሳቸውን ቁጥር ይዘው ገቡ፤ ይህም ተገቢ ነው። ለጆሯችን አንድ ናቸው፣ ለኮምፒውተሩ ግን ሀ እና ሐ እንደ በ እና ከ የተራራቁ ናቸው። "ኃይለ ሥላሴ" የሚለውን ስም እንውሰድ። የመጀመሪያው ድምፅ በስድስት ዓይነት ሊጻፍ ይችላል፦ ሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ፣ ኃ። ሥ በሁለት፣ ሴ በሁለት፣ ሁለቱ ቃላት ተያይዘው ወይም ተለያይተው በሁለት። ስድስት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት ጊዜ ሁለት፣ 48። "ኃ/ሥላሴ" ተብሎ በእዝባር የሚያጥረውን ገና አልቆጠርሁትም። አንድ ሰው ያለ ምንም ስህተት 48 ሰው ሊሆን ይችላል፤ ዲስቲንክትም አንዱንም አይጥልም፣ እንደ እርሱ ሁሉም ይለያያሉና።

ስለዚህ ሞክሼ ፊደላትን ወደ አንድ የሚመልስ የማነጻጸሪያ ዓምድ ጎን ለጎን ማዘጋጀት ግድ ነው። የመጀመሪያውን አጻጻፍ ግን አትንኩት። ሠረቀ ብርሃን የሚለውን ስም በንጉሡ ሠ ስንጽፈው ብርሃን ወጣ ነው፤ በእሳቱ ሰ ሲጻፍ ብርሃን ሰረቀ ይሆናል። የአብነት መምህር ፊት ይህን አድርጎ ያለፈ ተማሪ የለም። ለማነጻጸር አንድ ይሁኑ፤ ለመጻፍ ባለስሙ እንዳለው ይጻፍ።

ከዚህም የሚከብድ አለ። ደብሩ የሚያውቀው በክርስትና ስሙ ነው፤ ቀበሌው በዓለም ስሙ። ያው ሰው ዲያቆን ነበር፣ ቄስ ሆነ፣ መነኮሰና አባ ተባለ፤ መዝጋቢውም ማዕረጉን ስም ዓምድ ውስጥ አብሮ ጻፈው። ከእነዚህ ረድፎች አንድን ሰው ማውጣት የፊደል ማስተካከያ አይችለውም። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 የቆመው ፋይዳ መታወቂያ ጣት አሻራና የዓይን አይሪስ የሚወስደው ለዚህ ነው፤ አዲስ ተመዝጋቢ ሲመጣ ከቀድሞዎቹ ጋር ተነጻጽሮ ከዚህ በፊት ተመዝግቦ እንደሆነ ይታያል። ስም ሊደገምም ሊለወጥም ይችላል፤ ጣት ግን ሞክሼ የለውም።

እኔ ይህን የተማርሁት በሰው ወጪ ነው። ከዓመታት በፊት ለአንድ ፕሮጀክት የሥልጠና ተሳታፊዎችን ዝርዝር አዘጋጅቼ ነበር። ዝርዝሩ ከሦስት ቦታ የተሰበሰበ ስለነበረ ብዙ ስም ተደግሟል። ስም፣ የአባት ስም፣ ቀበሌ፤ በነዚህ በሦስቱ ዲስቲንክት አልሁና አጸዳሁት። በጣም ንጹሕ ሆነ፤ ኮራሁበት። አበል በሚከፈልበት ቀን ጋቢያቸውን የተከናነቡ አንድ አዛውንት ከሰልፉ ወጥተው ጠረጴዛው ላይ ዱላቸውን አስደገፉ። ስማቸው አንድ ጊዜ ተጠርቷል፤ ሌላ ሰው ፈርሞ ወስዷል። ያም ሰው አላጭበረበረም፤ ስሙ ከነአባቱ፣ ቀበሌውም ጭምር ከእርሳቸው ጋር አንድ ነው።

"ድግም ስለመሰለኝ ነው አባቴ" አልሁ።

"ልጄ፣ እኔ ከማንም አልተደገምሁም" አሉኝ።

ጥፋቱ የእኔ ነበር። እስከዚያ ቀን ድረስ ድግግሞሽ ማለት አንዱ ሁለት ሆኖ መቆጠሩ ብቻ ይመስለኝ ነበር። ሁለቱ አንድ ሆነው መቆጠራቸው ግን የበለጠ ይከፋል፤ የበዛ ቁጥር ቢያንስ ያሳፍራል፣ የጠፋ ሰው ግን ቢሮ ድረስ መጥቶ ካልተናገረ በቀር አይታይም። ዲስቲንክት የጣለውን አይናገርም፤ "ይህን ያህል ረድፍ አስወግጃለሁ፣ እነሆ ዝርዝሩ" የሚል መልእክት የለውም። ከዚያ ወዲህ ከመጣሌ በፊት የሚጣሉትን አውጥቼ በዓይኔ አያለሁ።

ዳታቤዝ ሲጠነሰስ ድግም እንዲኖረው ተደርጎ አልታሰበም ነበር። እ.ኤ.አ. በ1970 ኤድጋር ኮድ የተባለው የአይቢኤም ተመራማሪ የዛሬውን ዳታቤዝ ሐሳብ ሲያቀርብ ሠንጠረዥን እንደ ሒሳብ ስብስብ ነው ያየው፤ በስብስብ ውስጥ አንድ ነገር ሁለት ጊዜ አይኖርም። ከአራት ዓመት በኋላ ዶናልድ ቻምበርሊንና ሬይመንድ ቦይስ እነዚህ ትእዛዞች የሚጻፉበት የዛሬው ኤስኪውኤል የመነጨበትን ቋንቋ ይዘው ሲመጡ ግን ድግግሞሽ ተፈቀደ። ምክንያቱ የወጪ ነው፤ ድግም ለማግኘት ረድፎቹን በሙሉ መደርደር ወይም በየጎራቸው መመደብ ያስፈልጋል፣ ያ ደግሞ በዚያን ዘመን ማሽን ውድ ነበር። ስለዚህ ቋንቋው ሳትጠይቁኝ አላጣራም አለ። ኮድ በዚህ ነገር ሲከራከር ኖሯል። እኔ ለቻምበርሊንና ለቦይስ አደላለሁ፤ ጫማ ጠባቂው ሠላሳ ሁለቱን ጥንድ በእጁ መያዝ አለበት፣ ሰው ስንት እንደሆነ ሌላ ይጠይቅ።

አንድ ነገር ቀረኝ፤ የሪፖርት መሰላል። ከቀበሌ ወደ ወረዳ፣ ከወረዳ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ክልል ቁጥር ይወጣል። ወደ ላይ የሚወጣው ድምሩ ነው፤ ስሙ ታች ይቀራል። በገና ሰሞን ታኅሣሥ 27 ቀን የቆጠርነው ምእመን፣ በ28ም የቆጠርነው፣ በ29 ቤዛ ኵሉ የተባለው ዝማሬ ሲዘመርም የቆጠርነው ሰው ያው ሊሆን ይችላል። በየዕለቱ ድግም አውጥተን የየቀኑን ቁጥር ብናጠራ እንኳ፣ ሦስቱ የጠሩ ቁጥሮች ተደምረው የጠራ ቁጥር አይወጣቸውም። የገንዘብ ድምር ይደመራል፤ የልዩ ሰዎች ቁጥር ግን አይደመርም። ብዙ ሪፖርት አንባቢ ይህን አያውቅም፤ ብዙ ሪፖርት ጸሐፊም እንዲሁ።

ስሙን ሁሉ ወደ ላይ መላክ ከባድ ሲሆን የሒሳብ ሰዎች ብልሃት ፈጥረዋል። ፈረንሳዊው ፊሊፕ ፍላዦሌና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ2007 ሃይፐርሎግሎግ የሚባል ስሌት አሳተሙ። እያንዳንዱን የትኬት ቁጥር በአንድ ቀመር ፈጭቶ ሳንቲም በተከታታይ እንደ መወርወር ወደሚመስል የዜሮና የአንድ ሰልፍ ይለውጠዋል፤ ከዚያ መጀመሪያው ላይ በተከታታይ የታየው የዜሮ ብዛት እስከ ስንት እንደደረሰ ብቻ ይመዘግባል። ሰባት ጊዜ በተከታታይ ዘውድ የወጣለት ሰው ብዙ ሳይወረውር አይቀርም፤ ግምቱ ከዚያ ይነሣል። ቁም ነገሩ ያው ትኬት ሺህ ጊዜ ቢመጣ ያንኑ ሰልፍ መስጠቱ ነው፤ ክብረ ወሰኑን አይለውጥም። የ27ን፣ የ28ን እና የ29ን መዝገብ ለማዋሐድ በየመዝገቡ ቦታ ከሦስቱ ትልቁን ቁጥር መውሰድ ይበቃል። በ1.5 ኪሎባይት ብቻ ከቢሊዮን በላይ ልዩ ልዩ ነገሮችን በ2 በመቶ ገደማ ስህተት ይገምታል። እርግጥ ግምት ነው፤ አበል አይከፈልበትም።

ከቤተ አማኑኤሉ ልጅ ጋር ባወራሁበት ቀን ጉብኝታችንን የጨረስነው ቤተ ጊዮርጊስ ላይ ነበር። አብሮኝ የነበረው ጓደኛዬና እኔ መርካቶ ከአንድ ሱቅ የገዛነው ጥቁር ጫማ ነበረን፤ ቁጥሩ እንኳ አንድ ነው። ስንወጣ ሁለቱ ጥንዶች በሩ ላይ ጎን ለጎን ተቀምጠዋል። የትኛው የኔ እንደሆነ ጎንበስ ብዬ ስመረምር ጠባቂው፣ "ያኛው ነው ጋሼ" አለኝ፤ በጓደኛዬ ጫማ ውስጥ አንዲት ቀይ ጠጠር አኑሮ ነበር።